ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

የተጫዋችነት ዘመን

ይድነቃቸው በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ታዋቂው ዘፋኝና ገጣሚ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ 23 ዓመት ያህል የተጫወቱ ሲሆን፣ በስፋት በሚጠቀሰው መዝገብ መሠረት በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን አስቆጥረዋል። ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰልፈዋል።

የውጤታቸው መለኪያ

318 ለ365 ሲካፈል 0.87 ይሆናል፤ ይህም በ10 ጨዋታ ወደ 9 ግብ ማለት ነው። ሆኖም ይህ ቁጥር የሚለካው ግብን ብቻ ነው። ለጓደኛ የተመቻቸ ኳስም ሆነ የተጋጣሚው ጥንካሬ አይታይበትም። በአሜሪካ ፉትቦል ግን የኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪው ተጫዋች) ብቃት አራት ነገሮችን በሚያጣምር ቀመር ይሰላል፦ ለጓደኛ የደረሱ ውርወራዎች፣ በአንድ ውርወራ የተገኘ ርቀት፣ ውጤት ያስገኙ ውርወራዎችና በተጋጣሚ የተጠለፉ ኳሶች። ከፍተኛው ነጥብ 158.3 ነው። የይድነቃቸውን ጨዋታ በዚህ ዓይነት ቀመር ለመመዘን የግብ ቁጥር ብቻውን አይበቃም።

አሰልጣኝነት

በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስታስተናግድ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ነበሩ። ጥር 13 ቀን፣ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው፣ ከካዛንቺስ ብዙ በማይርቀው የአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ቡድኑ በፍጻሜው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። ለኢትዮጵያ ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩ። ኢትዮጵያ እስካሁን ያገኘችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ይህ ነው።

የአስተዳደር ሥራ

በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ካፍ ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች ነበረች፤ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን የቀላቀለ ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከመጀመሪያው ውድድር ተገለለች።

በወቅቱ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የተረጋገጠ ቦታ አልነበራትም። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር እንዲጋጠም ፊፋ በመወሰኑ፣ የአፍሪካ አገሮች ከ1958 ዓ.ም. ውድድር ራሳቸውን አገለሉ። ይድነቃቸው የዚህ ተቃውሞ ቀዳሚ ድምፅ ከነበሩት አንዱ ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ በተካሄደው ውድድር አፍሪካ አንድ ቀጥተኛ ቦታ አገኘች፤ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ሆነ። በአፓርታይድ ላይ ያካሄዱት ትግልም ፍሬ አፍርቶ ፊፋ በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አባረረ።

ይድነቃቸው በ65 ዓመታቸው አረፉ።