ከአስም ጋር የኖሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት

ከታላላቅ ሰዎች ታሪክ ትምህርት የሚገኘው ከድላቸው ብቻ አይደለም፤ ከሕመማቸውም ይገኛል። በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል መጽሔት ላይ የ26ኛውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቴዎዶር ሩዝቬልትን ሕይወት በአጭሩ ለመጻፍ የወደድነውም ስለዚሁ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሩዝቬልት በ1858 በኒውዮርክ ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ሀብት ግን ትንፋሽ አይገዛም። ገና በሕፃንነታቸው አስም ስለ ያዛቸው ብዙ ሌሊት ትንፋሽ እያጠራቸው ተቀምጠው ያድሩ ነበር። አባታቸውም አቅፈዋቸው በቤት ውስጥ ይመላለሱ፣ አንዳንድ ጊዜም ነፋስ እንዲያገኙ በሠረገላ አስቀምጠው በጨለማ ያዞሯቸው ነበር። በዚያ ዘመን ለአስም የሚሆን ሁነኛ መድኃኒት ስላልነበረ ቤተ ሰቡ ልጁን ሲጋራ እስከ ማስጨስ ደርሷል፤ ጥቁር ቡናም ያጠጧቸው ነበር።

የቡናው ነገር በቡና አገር ለምናድገው ለጌዴኦ ልጆች የሚያስደንቅ ነው። በ1860 ሄንሪ ሃይድ ሳልተር የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም፣ እርሳቸውም የአስም ሕመምተኛ ነበሩና፣ ስለ አስም በጻፉት መጽሐፍ ወፍራም ቡናን ከሚረዱት ነገሮች መካከል ቈጥረውታል። የዛሬውም ሳይንስ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የመተንፈሻ ቧንቧዎችን ለጥቂት ሰዓት በመጠኑ እንደሚከፍት ያስረዳል። ኃይሉ ግን አነስተኛ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ያለውን መቈጣትም አያበርድም። ስለዚህ የይርጋጨፌ ቡና ስሙ በዓለም ቢጠራም የአስም መድኃኒትን ሊተካ አይችልም።

ሩዝቬልት ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ሲጠጉ አባታቸው ሰውነታቸውን እንዲያጠነክሩ መከሯቸው። እርሳቸውም ምክሩን ተቀብለው በቤታቸው በተዘጋጀ የስፖርት ክፍል ይሠሩ፣ ቦክስ ይማሩ፣ ተራራ ይወጡ ጀመር። በ1898 በኩባ ጦርነት ዘመቱ፤ በ1901 በ42 ዓመታቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባሉትን መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ ልከው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረሙ። ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን መጡ። በ1919፣ በ60 ዓመታቸው፣ በተኙበት ዐረፉ፤ ሐኪሞችም ምክንያቱ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም ነው ብለው መዘገቡ።

ብዙ ሰዎች ሩዝቬልት አስምን በጉልበታቸው ድል አደረጉት ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የብዙ ሕፃናት አስም በዕድሜ እንደሚቀል ሁሉ የእርሳቸውም ቀለለ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከጐለመሱም በኋላ ተመልሶ ይነሣባቸው ነበር። ስለዚህ ብርታታቸውን እናደንቃለን፤ ብርታት መድኃኒት ነው ብለን ግን አንናገርም።

ይህን አጥብቀን የምንጽፈው የሰው ሕይወት ስላለበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም እንደ ነበረባቸውና 455,000 ሰዎች በዚሁ እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከሞቱትም የሚበዙት በድኾች አገሮች የሚኖሩ ናቸው። አስም በትልቅ ሰው ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይታከም ሲቀር የቧንቧው ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል፤ በአንዳንዶችም መጥበቡ የማይመለስ ይሆናል። ሳልቡታሞል የተባለው ፓፍ ጭንቁን ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ ሥሩን አይነካም። ሥሩን የሚያበርደው ስቴሮይድ ያለበት በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ነው። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያም ከ2019 ጀምሮ ትልልቅ ሰዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ መክሯል። ሕመምተኛው ግን ደኅና ሆንሁ ሲል መድኃኒቱን ይተዋል፤ ሌላውም ሰው እንዳያየው አፍሮ ይደብቀዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በአካባቢያችንም አስምን የሚቀሰቅሱ ነገሮች ብዙ ናቸው። መስኮት በሌለው ቤት የሚነድ የእንጨት ጭስ፣ ቡና ሲፈላ የሚታጠነው ዕጣን፣ የደረቅ ቡና ሲፈለፈልና ሲበጠር የሚነሣው አቧራ ከእነዚህ ይቈጠራሉ። ምድጃውን ከመኝታ መለየት፣ መስኮት መክፈት፣ በቡና ሥራ ላይ አፍና አፍንጫን መሸፈን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

በሚገባ የተያዘ አስም ሰውን ከሥራው እንደማያግድ የአገራችን ሰው አሳይቶናል። አስም ያለበት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 የቤጂንግን የተበከለ አየር ሠግቶ ከኦሊምፒኩ ማራቶን ቀረ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ግን በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በመሮጥ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። መጠንቀቁ ፈሪ አላሰኘውም።

እንግዲህ የሩዝቬልት አባት ልጃቸውን አቅፈው ከማደር በቀር ሌላ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ለእኛ ዘመን ግን መድኃኒቱ ተገኝቷል። በቤታችሁ ትንፋሽ የሚያጥረው አባት ወይም እናት ቢኖር፣ ቡናውን በደስታ አቅርቡላቸው፤ ወደ ሐኪም መውሰዱንና መድኃኒቱን በየቀኑ ማስታወሱን ግን ለነገ አትበሉ።