ሰውን በቁጥር የለካው የጦር መኮንን

የመመረቂያ ጥናት የሠራ ሰው ስፒርማን ለሚለው ስም እንግዳ አይሆንም። መጠይቅ በትኖ፣ መልሱን ሰብስቦ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲያስገባ ከሚቀርቡለት ስሌቶች አንዱ በዚህ ስም ይጠራል። ስሙን የምናውቀውን ያህል ግን ሰውየውን አናውቀውም። በእኔ እምነት የቻርልስ ስፒርማን ታሪክ ልጆችን በፈተና፣ ሥራ ፈላጊዎችን በነጥብ ለምንመዝን ሰዎች ከቀመሩ የማይተናነስ ትምህርት አለው።

ስፒርማን በ1863 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ተወለደ። በ1883 የእንግሊዝን ጦር ተቀላቅሎ 14 ዓመት ያህል በመኮንንነት አገለገለ፤ በርማ ድረስም ዘምቷል። በኋላ ግን እነዚያን ዓመታት እንደ ባከነ ዕድሜ ይቆጥራቸው ነበር። በ1897 ጦሩን ለቅቆ ወደ ጀርመን በመሄድ ላይፕዚግ ውስጥ በታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ በዊልሄልም ቩንት ሥር መማር ጀመረ። በመሐሉ የቦር ጦርነት ተነስቶ ወደ ሠራዊቱ ተመልሶ ተጠራ። ዶክትሬቱን ያገኘው በ1906፣ ዕድሜው 40ን ከተሻገረ በኋላ ነው።

ስሙን ያስጠሩትን ሁለት ጽሑፎች ያሳተመው ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በ1904 ነበር። አንደኛው የሁለት ነገሮችን ዝምድና እንዴት መለካት እንደሚቻል ያሳያል። የአንድ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ይደረደራሉ እንበል፤ በሙዚቃም እንዲሁ። የሁለቱ ደረጃዎች ልዩነት ተሰልቶ ዝምድናቸው በአንድ ቁጥር ሊገለጽ ይችላል። ውጤቱ 1 ከሆነ ደረጃዎቹ ፍጹም ይገጥማሉ፤ ወደ 0 ከቀረበ የሚታይ ዝምድና የለም።

በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ እምብዛም የማይወራለት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሐሳብ አለ። የሚወዛወዝ ሚዛን የዕቃውን ትክክለኛ ክብደት እንደማይናገር ሁሉ፣ ፈተናም የራሱ ስህተት አለው። ተማሪው ዛሬ ያገኘውን ነጥብ ከሳምንት በኋላ በድጋሚ ቢፈተን ላያገኘው ይችላል። ስፒርማን ይህን ስህተት አስልቶ ማረም የሚቻልበትን መንገድ ቀየሰ። በ1910 ደግሞ እሱና ዊልያም ብራውን በየፊናቸው፣ ፈተና ሲረዝም አስተማማኝነቱ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳይ ቀመር አሳተሙ። ቀመሩ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል።

ዝናም ሙግትም ያመጣበት ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። ስፒርማን የተማሪዎችን ውጤት ሲያነጻጽር በአንድ ትምህርት የበረታ ልጅ በሌላውም የመበርታት ዝንባሌ እንዳለው አየ። ከዚህ ተነስቶ ከሁሉም ችሎታዎች ጀርባ አንድ አጠቃላይ የአእምሮ ኃይል አለ አለና «ጂ» ብሎ ሰየመው። ለዚህ የተጠቀመበት ስሌት የፋክተር አናሊሲስ መነሻ ሆነ። ከ1907 እስከ 1931 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲያስተምርም ይህን ሐሳብ ይዞ ተሟገተ።

ተቃውሞው አልዘገየም። ጎድፍሬይ ቶምሰን በ1916 ዳይስ እየወረወረ ባደረገው ሙከራ፣ ያው የቁጥር ሥርዓት አንድ አጠቃላይ ኃይል ሳይኖርም ሊፈጠር እንደሚችል አሳየ። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ሉዊስ ተርስቶን ችሎታ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው ሲል ተከራከረ። የውጤቶቹ ዝምድና በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ሐቅ ነው፤ ምክንያቱ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ነገሩ የምሁራን ክርክር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ስፒርማን በ1912 ከበርናርድ ሃርት ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ድምፅ የመስጠት፣ ከዚያም አልፎ ልጅ የመውለድ መብት በአእምሮ መለኪያ የሚወሰንበትን ሁኔታ እስከማሰብ ደርሷል። ሚዛን ሁሉ ይወዛወዛል ብሎ ያስተማረው ሰው፣ በራሱ ሚዛን የሰውን መብት ለመቁረጥ ማሰቡ ያስደነግጣል። ቁጥር ሲያምር ፈጣሪውንም ያታልላል።

ስፒርማን በ1945 በ82 ዓመቱ አረፈ። እኔ ከእሱ የምወስደው ስለ ስህተት ያስተማረውን ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 12ኛና 15ኛ የወጡት ልጆች በእርግጥ ይለያያሉ? ወይስ ልዩነቱ የፈተናው ነው? በግማሽ ነጥብ ከቅጥር የወደቀው አመልካችስ? ይህን ለማወቅ የሚያስችል ስሌት ከመቶ ዓመት በላይ በእጃችን አለ። በሰው ዕጣ ላይ የሚወስን ሁሉ ነጥቡን ከመጥራቱ በፊት ሚዛኑን የመፈተሽ ግዴታ አለበት እላለሁ።