ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

በዘንድሮው መጽሔታችን የሟችን ታሪክ በጽሑፍ ስላኖሩት ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። እኛን ዕድርተኞቹን ይበልጥ የሚነካን ግን ሌላው ሥራቸው ነው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። በእንጦጦ ራጉኤል ተማሩ፤ በብዕራቸውም ወደ ቤተ መንግሥት ቀረቡ። በ1904 ዓ.ም. በአገራችን የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤትም መርተዋል። አውሮፓንና ጃፓንን አይተዋል፤ ሹመታቸው ብዙ ስለሆነ እንለፈው።

በ1910 ዓ.ም. የልቅሶ ግጥም መጽሐፍ አወጡ። ይህ ለዕድር ሰው ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን የሟች ታሪክ መጀመሪያ የሚነገረው በአልቃሽ አፍ ነዋ! የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ለማን እንደደረሰ የሚሰማው ድንኳን ውስጥ ነው። ድንኳኑ ሲነሣ ነገሩም አብሮ ይነሣል።

በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የሕይወት ታሪክ የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የሰውን ስም እየጠሩ አባቱን፣ ሹመቱን፣ የሞተበትን ይጽፋሉ። አንዳንዱ ሁለት መስመር ብቻ ነው የደረሰው። እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ሁሉም በመዝገብ የሚገኝ አይደለም፤ ዘመዱን፣ አብሮ የዘመተውን ሰው መጠየቅ ይፈልጋል። ከአድዋ ጦርነት ገና 27 ዓመት መሆኑ ነበር፤ ከዘማቾቹ ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ሌላ 40 ዓመት ቢቆይ ኖሮ ከማን ይጠየቅ ነበር?

እርግጥ መጽሐፉ ላይ መኳንንትና ካህናት ይበዛሉ። አራሹ፣ ነጋዴው፣ ሸማኔው እምብዛም የለም። ይህን የምንለው ልናቃልላቸው አይደለም፤ የጎደለውን መሙላት የኛ ፋንታ ስለሆነ ነው እንጂ። እንሴኖ ውስጥ መስቃኑም፣ ማረቆውም፣ ስልጤውም አለ። ገበያው እንዴት እንደቆመ፣ ማን ከየት መጥቶ እንደሰፈረ ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ በየቋንቋቸው ይነግሩታል። የዕድራችን መዝገብ ግን የሚይዘው የሟቹን ስም፣ የተከፈለውን ገንዘብና ቀኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ጸሐፊው ከቤተሰቡ ጠይቆ የሟቹን ታሪክ በአምስት መስመር እንዲጽፍ ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ እናቀርባለን። ደብተር ብቻ ነው የሚያስወጣው። ቤተሰቡ በሚናገርበት ቋንቋ ቢጻፍም ችግር የለውም።

ወደ ኅሩይ እንመለስ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። እንግሊዝ አገር፣ ባዝ በሚባል ከተማ ሳሉ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። የልቅሶ ግጥም ለአገሩ ያሳተመ ሰው፣ ድንኳን ጥሎ፣ ጡሩምባ አስነፍቶ የሚያለቅስለት የሰፈር ሰው በሌለበት ተቀበረ። ከነፃነት በኋላ አፅማቸው ወደ አገራቸው መጥቶ በአዲስ አበባ ዐርፏል።