ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ፦ የአፈርን ሕይወት የመረመረ ሊቅ

አፈር ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ግዑዝ አካል ይመስላል። ይሁን እንጂ ገበሬው የሚያርሰው፣ መሐንዲሱም የሚቆፍረው ይኸው አካል ናይትሮጅንና ካርቦን ያለማቋረጥ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው የሚለወጡበት ሕያው ፋብሪካ ነው። የዚህን ፋብሪካ ሠራተኞች ለይተው ካሳወቁት ሊቃውንት መካከል ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል።

ቪኖግራድስኪ በ1856 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኪየቭ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በሴንት ፒተርስበርግ ፒያኖ ከተማረ በኋላ ፊቱን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ መለሰ። ከዚያም ወደ ስትራስቡርግ ተሻግሮ በድኛማ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን መረመረ፤ ኃይላቸውን የሚያገኙትም ከድኝ ውሕድ መሆኑን ደረሰበት።

በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ፈረንሳውያን የፍሳሽ ውሃ በአሸዋ ውስጥ ሲያልፍ አሞንያው ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት መሆኑን አሳይተው ነበር። ሆኖም ተሕዋስያኑን ለይቶ ማውጣት ለብዙዎች አልተሳካም። ምክንያቱም በምርምር ቤት የሚቀርብላቸው የተትረፈረፈ ምግብ ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ያፋፋ ስለነበር ነው። ቪኖግራድስኪ በዙሪክ ሳለ ተቃራኒውን መንገድ ተከተለ። አሞንያና ማዕድናት ብቻ ያሉበትን፣ ከሕያዋን የመጣ ምግብ የሌለበትን ውሃ አዘጋጀ። ከ1890 ጀምሮ ውጤቱን አስታወቀ፦ አንዱ ወገን አሞንያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ሁለቱም አካላቸውን የሚገነቡበትን ካርቦን ያለ ፀሐይ ብርሃን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳሉ።

ይህ ግኝት ለእርሻ ሥራ ያለው ትርጉም ከፍተኛ ነው። አሞንያ የሚለወጥበት አሞንየም ከሸክላ አፈር ጋር ተጣብቆ ሲቆይ ናይትሬት ግን በዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ስለዚህ ያለ ጊዜውና ያለ ልኩ የተጨመረ ማዳበሪያ ሰብሉን ሳይጠቅም የከርሰ ምድርን ውሃ ይበክላል።

ቪኖግራድስኪ በ1890ዎቹ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሶ የአየርን ናይትሮጅን የሚያስር ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ከዚያ በኋላ ከምርምር ርቆ በዩክሬን በሚገኘው ርስቱ ለረዥም ዓመታት ኖረ። የሩሲያ አብዮት ሲፈነዳ አገሩን ለቆ ተሰደደ። የፓስተር ኢንስቲትዩት በ1922 ሲጋብዘው ዕድሜው ከ60 ዓመት አልፎ ነበር፤ እርሱ ግን በፓሪስ አቅራቢያ በብሪ ኮምት ሮቤር ሥራውን እንደገና ጀመረ። በዚያም ትኩስ የሰብል ቅሪት ሲያገኙ በፍጥነት የሚራቡትን ተሕዋስያን፣ በአፈሩ ውስጥ የቆየውን ብስባሽ ቀስ በቀስ ከሚበሉት ለየ። ናይትሮጅን ያነሰው ገለባ በአፈር ሲቀበር ተሕዋስያኑ የአፈሩን ናይትሮጅን ተሻምተው ሰብሉን ለጊዜው የሚያስርቡትም በዚሁ ፈጣን እርባታ ነው።

የአፈር ማይክሮባዮሎጂ ሥራዎቹን በ1949 በመጽሐፍ አሳትሞ፣ በ1953 በ96 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ በፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳዎች ውስጥ አሞንያን የሚያስወግዱት እርሱ የገለጻቸው ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። አየር ከተነፈጉ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ የገንዳውን ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስም የእነርሱን ፍላጎት ከስሌቱ ማስገባት ግዴታው ነው።