ዲያቆኑ ደራሲ፦ ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ



ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ በየዕለቱ የምናደርስ በመካከላችን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ልጆች ሳለን ማን ቀድሞ ይጨርሳል እያልን እንሽቀዳደምበት እንደ ነበር መደበቅ አንችልም፤ ዛሬም ቢሆን ያ ልማድ ጨርሶ የለቀቀን አይመስለንም። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ድርሰት የቅዱስ ኤፍሬም ነው ትላለች፤ ሐምሌ 15 ቀንም በዓሉን ታከብራለች። እኛ ግን ስሙን ከመጥራት አልፈን እንዴት እንደ ኖረ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ደራሲ ሲባል ከሰው ርቆ፣ በጸጥታ ተቀምጦ፣ ቃል የሚያሳምር ሰው ይመስለን ነበር። ታሪኩን ካነበብን በኋላ ይህ አሳባችን አልጸናም።

ኤፍሬም የተወለደው በ306 ዓ.ም. አካባቢ በንጽቢን ከተማ ነው (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ንጽቢን ዛሬ በቱርክ ውስጥ በሶርያ ጠረፍ ላይ ትገኛለች። በዚያን ጊዜ የሮምና የፋርስ ነገሥታት የሚጣሉባት ምሽግ ነበረች። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ የተገኘው ኤጲስ ቆጶስ ያዕቆብ አስተማሪው ነበረ። ኤፍሬምም በዲቁና እያገለገለ፣ እያስተማረ፣ በሶርያ ቋንቋ መዝሙር ይደርስ ጀመር።

የፋርስ ንጉሥ ሳቦር ንጽቢንን ሦስት ጊዜ ከበባት። ሦስተኛው በ350 ዓ.ም. የሆነው ሲሆን ከሁሉም የከፋ ነበር። ጠላት ወንዙን ገድቦ ውኃውን በከተማይቱ ዙሪያ ለቀቀው፤ ቅጥሩም በአንድ በኩል ተናደ። ከተማይቱ ግን አልተያዘችም። ኤፍሬም ይህን ሁሉ ከውስጥ ሆኖ አይቷል። በኋላ በደረሰው መዝሙር ከተማይቱ ራሷ ትናገራለች፤ በማዕበል መካከል ካለችው ከኖኅ መርከብ ጋር ራሷን እያመሳሰለች ወደ እግዚአብሔር ትጮኻለች። እኛ ስለ መከራ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ከሩቅ ሆነን ነው። እርሱ ግን የሚጽፍለት ሕዝብ አጠገቡ ነበረ።

በ363 ዓ.ም. የሮም ንጉሥ ዮልያኖስ በፋርስ ዘመቻ ሞተ። ተተኪው ኢዮብያኖስ ሠራዊቱን ለማትረፍ ሲል ንጽቢንን ለፋርስ አሳልፎ ሰጠ። ሦስት ጊዜ ተከባ ያልተያዘችው ከተማ በአንድ ውል ሄደች! ክርስቲያኖቹ እንዲወጡ ታዘዙ። ኤፍሬም ያን ጊዜ ወደ ስድሳ ዓመት ይጠጋ ነበር። በዚህ ዕድሜ ቤቱንም፣ ያስተማረበትንም ስፍራ፣ የመምህሩንም መቃብር ትቶ ተሰደደ።

በመጨረሻ የተቀመጠው በኤዴሳ፣ መጻሕፍታችን ሮሃ በሚሏት በንጉሥ አብጋር ከተማ ነው። በዚያም ሌላ ዓይነት ጦርነት ቆየው። በርደሳን የተባለ ፈላስፋ ከመቶ ዓመት በፊት 150 መዝሙራትን ደርሶ ነበርና፣ ትምህርቱ በጣፋጭ ዜማ ተሸፍኖ በሕዝቡ ዘንድ ይዘመር ነበር። የአርዮስ ተከታዮችም ነበሩ። ኤፍሬም የዜማን ኃይል በክርክር ብቻ ማሸነፍ እንደማይቻል ተረዳ። ስለዚህ የቀናውን እምነት የሚያስተምሩ መዝሙራትን ደርሶ፣ ደናግልን ሰብስቦ፣ በቤተ ክርስቲያን እንዲዘምሩ አስተማረ። የሴቶች ድምፅ በጉባኤ እንዲሰማ በማድረጉ ከእርሱ በኋላ የተነሣው ያዕቆብ ዘሥሩግ በድርሳኑ እጅግ አመስግኖታል። የእኛ መዘምራን እህቶች ይህን ሲሰሙ ምን ያህል ደስ እንዳላቸው መናገር አያስፈልግም!

እውነቱን ለመናገር፣ ከሚቃወሙት ጋር ሲከራከር ቃሉ አንዳንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ይበረታብናል። ስለ ልደትና ስለ ገነት በዘመረው ውስጥ ግን ያ ሁሉ ቁጣ የለም፤ እኛም ልባችን የሚያርፈው እዚያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የመጨረሻው ዓመቱ ነው። በ372 ዓ.ም. ገደማ በኤዴሳ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ፓላድዮስ እንደሚተርከው፣ ኤፍሬም ከበዓቱ ወጥቶ እህል ያከማቹትን ባለጠጎች ወቀሳቸው። እነርሱም እህሉን በታማኝነት የሚያድል ሰው ስላላገኙ እንጂ ለመስጠት እንዳልሳሱ መለሱለት። እንግዲህ ይህ ምክንያት ለእኛም አዲስ አይደለም። ኤፍሬም ግን አልተከራከራቸውም፤ ሥራውን እኔ እሠራዋለሁ አለ። ገንዘቡን ተቀብሎ በከተማይቱ መተላለፊያዎች ሦስት መቶ ያህል አልጋዎችን አዘረጋ፤ የተራቡትን መገበ፣ የታመሙትን አስታመመ፣ የሞቱትን ቀበረ። መምህሩ፣ ባለ ቅኔው፣ የመንፈስ ቅዱስ በገና የተባለው ሰው ያን ዓመት የዋለው በድውያን መካከል ነው።

በማግስቱ ዓመት እህል በዛ፤ ሕዝቡም ወደየቤቱ ሄደ። ኤፍሬምም ወደ በዓቱ ተመለሰ። ወር ያህል ቆይቶ በ373 ዓ.ም. ዐረፈ። ያን ሁሉ ዘመን ሲያገለግል ኖሮ ማዕርጉ ዲያቆን እንደ ሆነ ነበር።