የዕለት ሥራውን ለፈጣሪው ያቀረበ ሙዚቀኛ፤ የዮሐን ሰባስቲያን ባህ ሕይወት

ብዙዎቻችን የፈጠራ ችሎታን ለጥቂት ዕድለኞች ብቻ የተሰጠ ነገር አድርገን እናስባለን። ባለቅኔው፣ ሠዓሊውና የሙዚቃ ደራሲው ከቢሮ ሰዓትና ከአለቃ ቁጣ ርቀው፣ መንፈስ ባነሣሣቸው ጊዜ ብቻ የሚሠሩ ይመስለናል። በዚህም ምክንያት ተማሪው ዲፕሎማዬን እስክቀበል፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊም የተሻለ ሹመት እስካገኝ እያለ፣ መክሊቱን መሬት ቆፍሮ እንደ ቀበረው አገልጋይ ስጦታውን ሸሽጎ ያኖረዋል። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርብለት ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ በደመወዝ ያደረ ሠራተኛ ነበር። አለቆች ነበሩት፤ ከአለቆቹም ጋር ብዙ ጊዜ ተጣልቷል። ሆኖም ለመጪው እሑድ ይድረስ ተብሎ በጥድፊያ የጻፈውን ሥራ እነሆ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ዓለም ያዳምጠዋል።

ዮሐን ሰባስቲያን ባህ በ1685 ዓ.ም. በጀርመን አገር አይዘናህ በምትባል ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የከተማይቱ ሙዚቀኛ ነበር። በዚያ አውራጃ የባህ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በሙዚቃ የታወቀ ስለ ነበር፣ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ እንደሚሆን ሁሉ የባህ ልጅም ሙዚቀኛ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ዮሐን ሰባስቲያን ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነው። በዘጠኝ ዓመቱ እናቱ ሞተችበት፤ ዓመት ሳይሞላም አባቱ ተከተላት። የሙት ልጁን ታላቅ ወንድሙ ወደ ኦርድሩፍ ወስዶ አሳደገው፤ ኦርጋን መምታትም አስተማረው።

ከሞተ በኋላ በ1754 ዓ.ም. ልጁና ደቀ መዝሙሩ ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ ስለዚህ ዘመን አንድ ነገር ይተርካል። ወንድሙ የታላላቅ ደራሲዎች ሥራ የተጻፈበት አንድ የኖታ መጽሐፍ ነበረው፤ ለልጁ ግን አልሰጥህም ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ልጁ ሌሊት ሌሊት እጁን በፍርግርጉ አሾልኮ እያወጣ፣ መብራት ስላልነበረው በጨረቃ ብርሃን ስድስት ወር ሙሉ ገለበጠው። ገልብጦ እንደ ጨረሰ ወንድሙ ደርሶበት ቅጂውን ነጠቀው። ወረቀቱ ቢወሰድበትም፣ በእጁ ሲጽፍ የተማረውን ግን ማንም ሊወስድበት አልቻለም።

በ1700 ዓ.ም. በዐሥራ አምስት ዓመቱ በስተሰሜን ወደሚገኘው ወደ ሉነቡርግ ሄዶ፣ ድምፃቸው ያማረ ድሆች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ከመዘምራኑ ጋር ገባ። በ1703 ዓ.ም. ደግሞ በአርንሽታት ከተማ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺነት ተቀጠረ። ዕድሜው ገና ዐሥራ ስምንት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ፣ ቡክስተሁደ የሚባለውን ዝነኛ የኦርጋን መምህር ለመስማት አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ሉቤክ በእግሩ ሄደ። የተመለሰው ግን ወደ አራት ወር ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሹሞች አስጠርተው ወቀሱት፤ በዚያውም በመዝሙሩ መካከል እንግዳ ነገር እያስገባ ምእመናኑን ግራ ያጋባል ሲሉ ሌላ ክስ ጨመሩበት። እንግዲህ ባህ ለመሥሪያ ቤት ሥርዓት የተመቸ ሰው እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል። በ1717 ዓ.ም. እንኳ በቫይማር ቤተ መንግሥት ሲያገለግል፣ ልቀቁኝ ብሎ አጥብቆ በመጠየቁ ጌታው አራት ሳምንት ያህል አሳስሮታል።

ከእስር ተፈትቶ ወደ ከተን ሄደና ሙዚቃ ወዳድ በሆነ ልዑል ቤት አለቃ ሆነ። ደመወዙ ጥሩ ነበር፤ ክብርም አገኘ። በ1720 ዓ.ም. የበኩር ወንድ ልጁ ፍሪደማን ዘጠኝ ዓመት ስለሆነው፣ አባቱ በጥር ወር የሙዚቃ መማሪያ የሚሆን ትንሽ ደብተር አዘጋጀለት። በደብተሩ መጀመሪያ ላይ የኖታ ምልክቶች ተዘርዝረዋል። ቀጥሎ አንድ አጭር መለማመጃ አለ፤ ከየኖታው በላይም የትኛው ጣት የትኛውን ቁልፍ እንደሚነካ በቁጥር ተጽፏል። ከዚህ የጣት መለማመጃ ራስጌ ላይ ባህ ሦስት ፊደሎች አኖረ፤ ትርጉማቸውም ሥራው በኢየሱስ ስም መጀመሩን የሚያመለክት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። ባህ በትላልቅ የቤተ ክርስቲያን ድርሰቶቹ መጨረሻ ላይ ክብሩ ለእግዚአብሔር ብቻ መሆኑን የሚገልጹ ሦስት የላቲን ፊደሎችን ይጽፍ እንደ ነበረ ብዙ ሰው ያውቃል። ይህ ግን የቤተ ክርስቲያን ሥራ አልነበረም። በከተን ልዑሉ የካልቪን ተከታይ ስለ ነበረ ከበዓል ዜማ በቀር ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ አይፈለግም ነበር። ይህ በቤት ውስጥ ለአንድ ልጅ ጣት የተጻፈ ትምህርት ነው። ባህ ግን ቅዳሴውንና የልጁን ትምህርት በአንድ ስም ጀመራቸው።

ይህን ልማድ ያወረሰው ያደገበት እምነት ነው። ባህ በልጅነቱ የተማረው ማርቲን ሉተር ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በተማረበት በዚያው በአይዘናህ ትምህርት ቤት ነው። ሉተር የእግዚአብሔር ጥሪ ለመነኩሴና ለካህን ብቻ አይደለም ብሎ ያስተምር ነበር። በእርሱ አስተሳሰብ ጫማ ሰፊውም፣ ዳኛውም፣ የሕፃኑን ጨርቅ የሚያጥበው አባትም ሥራቸውን በእምነት ለባልንጀራቸው ጥቅም ቢሠሩ እግዚአብሔርን ያገለግላሉ። ባህ ይህን ትምህርት ወደ ክላቪየር ሰሌዳ አመጣው።

ከዚያ ደብተር ውስጥ ዐሥራ አንዱ ቅድመ ዜማዎች በ1722 ዓ.ም. ተሻሽለው የክላቪየር ተማሪዎች ሁሉ ወደሚያውቁት ታላቅ መጽሐፍ ገቡ። በዓለም ላይ ፒያኖ የሚማር ወጣት ዛሬም ከእነዚህ አንዱን ሳይለማመድ አያልፍም። ለአንድ ልጅ የተጻፈው ለሚሊዮኖች ፊደል ሆነ።

ዓመቱ ግን መራራ ነበር። በዚያው በ1720 ዓ.ም. በጋ ባህ ልዑሉን ተከትሎ ካርልስባድ ወደሚባለው የጠበል ከተማ ሄዶ ሳለ፣ ሚስቱ ማርያ ባርባራ ታማ ሞተች። ወደ ቤቱ ሲመለስ ተቀብራ አገኛት። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ አና ማግዳሌና የምትባል የቤተ መንግሥት ዘማሪት አገባ። ከሁለቱም ሚስቶቹ ሃያ ልጆች ወልዶ፣ ለአካለ መጠን የደረሱለት ዐሥሩ ብቻ ናቸው። የባህን ሙዚቃ ደስታ የሚሰማ ሁሉ ከበስተጀርባው ዐሥር ትናንሽ መቃብሮች እንዳሉ ማስታወስ ይኖርበታል።

በ1723 ዓ.ም. ባህ በላይፕዚግ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዘምራን መሪ ሆነ። የከተማው ምክር ቤት በመጀመሪያ ቴሌማንን፣ ቀጥሎም ግራውፕነርን ፈልጎ ነበር፤ ሁለቱም ስላልመጡ ቦታው ለባህ ደረሰ። ሥራው ብዙ ነበር። ልጆቹን ዜማ ማስተማር፣ ለከተማይቱ ዋና ዋና አብያተ ክርስቲያናት የእሑድንና የበዓልን ሙዚቃ ማቅረብ፣ ከአራት ሳምንት አንዱን የትምህርት ቤቱ ተቆጣጣሪ ሆኖ መዋል፣ ሠርግና ቀብር መከታተል የእርሱ ድርሻ ነበር። መኖሪያውም በዚያው በትምህርት ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ስለ ሆነ የልጆቹ ጫጫታ አይለየውም።

ለአንድ ዓመት ስድሳ ያህል ካንታታ፣ ማለትም በመዘምራንና በመሣሪያ የሚቀርብ ረዥም መንፈሳዊ ድርሰት ያስፈልግ ነበር። ባህ የሌሎችን ሥራ እያስገለበጠ ሊያሳልፈው ይችል ነበር፤ የሚከለክለውም አልነበረም። እርሱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ ለማለት ይቻላል አዲስ ይጽፍ ጀመር። በሳምንቱ መጀመሪያ ይደርሳል፤ ከዚያ ተማሪዎቹ፣ ልጆቹና አና ማግዳሌና ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለየዘማሪው የሚሰጠውን ኖታ ይገለብጣሉ፤ ቅዳሜ ልምምድ ይደረጋል፤ እሑድ ጠዋት ይሰማል። ሰኞ ደግሞ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ከእነዚህ መካከል እስከ ዛሬ የቆዩት ወደ 200 ይጠጋሉ።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ምስጋና አገኘ ለማለት አይቻልም። በ1730 ዓ.ም. የምክር ቤቱ አባሎች ሥራውን ችላ ይላል፣ አይታረምም ብለው ገቢውን ስለ መቀነስ ተነጋገሩ። ባህም ዝም አላለም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ዝርዝር ማስታወሻ ጽፎ አቀረበ። ከተማሪዎቹ ውስጥ 17ቱ ለሥራ ይሆናሉ፣ 20ዎቹ ገና ናቸው፣ 17ቱ ፈጽሞ አይረቡም ሲል በቁጥር አስረዳ፤ መሣሪያ መቺዎቹም እንደማይበቁ ገለጸ። ለቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ሌላ ሥራ እንዲፈልግለት ለምኖ፣ ጤናማ አየር ሲነፍስ ቀብር እየቀነሰ ገቢው እንደሚጎድል፣ ባለፈው ዓመት ብቻ ከመቶ ታለር በላይ እንደቀረበት አማረረ። (በኋላ በአገራችን ጠገራ ብር የተባለው የማርያ ቴሬዛ ገንዘብም ከታለር ወገን ነው።) ስለዚህ ባህ ሁሉን በትዕግሥት የተሸከመ ቅዱስ ነበር ብሎ ማቅረብ ሐሰት ይሆናል። ተቆጥቷል፤ ተከራክሯል፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን በጽሑፍ ጠይቋል። ነገር ግን የጠየቀው እስኪሰጠው ድረስ ሥራውን አላቆየም። ባሉት ጥቂት ልጆች ድምፅ የሚሆነውን ጻፈ።

የተማሪዎች የሙዚቃ ማኅበርም ከ1729 ዓ.ም. ጀምሮ እየመራ በአንድ ቡና ቤት ውስጥ ኮንሰርት ያቀርብ ነበር። ቡና መጠጣት ስላላቆመች ልጅና ስለ ተበሳጨ አባቷ የሚናገር አስቂኝ ድርሰትም አለው። ለንጉሣውያን ቤተሰብ በዓል የጻፈውን ዜማ በ1734 ዓ.ም. ቃሉን አስለውጦ ለልደት በዓል አደረገው። ዓለማዊውን ከመንፈሳዊው የሚለይ ትልቅ ግንብ በልቡ ውስጥ አልነበረም።

የግል እምነቱን የምናውቀው ደግሞ ከአንድ መጽሐፍ ነው። በ1733 ዓ.ም. ስሙን የፈረመበት ባለ ሦስት ጥራዝ መጽሐፍ ቅዱስ ከነትርጓሜው እስከ ዛሬ በአሜሪካ ተጠብቆ ይገኛል። በዜና መዋዕል ውስጥ ዳዊት መዘምራንን በየተራቸው የደለደለበትን ምዕራፍ ሲያነብ፣ እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ሁሉ መሠረቱ ይህ መሆኑን በኅዳጉ ላይ በእጁ ጽፏል። ያ ምዕራፍ የስም ዝርዝርና የተራ ድልድል ነው። ሌላው አንባቢ ሰልችቶት በሚያልፈው መዝገብ ውስጥ ባህ የራሱን ሥራ አየ።

በመጨረሻ ዓመታቱ ዓይኑ ደከመ። በ1750 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ሁለት ጊዜ ቀዶለት ፈጽሞ ታወረ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 28 ቀን በ65 ዓመቱ ዐረፈ። የከተማው ሹሞች ተተኪ ሲመርጡ፣ የሚያስፈልገን የትምህርት ቤት መዘምራን መሪ እንጂ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ አይደለም የሚል አሳብ ከመካከላቸው ተሰማ። በመቃብሩ ላይ የድንጋይ ምልክት አልቆመለትም። አና ማግዳሌናም በ1760 ዓ.ም. በምጽዋት እየተረዳች ሞተች። ሥራዎቹ ለብዙ ዘመን በጥቂት ሙዚቀኞች እጅ ብቻ ቆይተው፣ በ1829 ዓ.ም. ሜንደልሶን የተባለ የሃያ ዓመት ወጣት የማቴዎስን ሕማማት በበርሊን ባሰማ ጊዜ ዓለም እንደገና ተመለከታቸው። በ1977 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላኩት ሁለቱ የቮየጀር መንኮራኩሮች በተሸከሙት ወርቃማ ሸክላ ላይ ከባህ ድርሰቶች ሦስቱ ተቀርጸዋል።

ይህን ሁሉ ባህ አላየም፤ ሊያየውም አልሠራም። ለእኛ ለወጣቶች የሚጠቅመን ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ክርስቲያን ፈጣሪውን ፈጣሪ ብሎ ሲጠራ፣ በእርሱ አምሳል መፈጠሩንም ማሰብ አለበት። ይህ አምሳል የሚገለጠው በሙዚቃ ብቻ አይደለም። ደብዳቤ የሚያረቅ ጸሐፊ ባለጉዳዩ ሳይመላለስ የሚረዳውን ቀላል አጻጻፍ ሲፈልግ፣ መምህር ለደካማው ተማሪ አዲስ ምሳሌ ሲያወጣ፣ እናት ካለችው ጥቂት እህል ለልጆቿ የሚጣፍጥ ነገር ስትሠራ ያው ስጦታ ሥራ ላይ ነው። አለቃ ላያመሰግን ይችላል፤ ቦታውም የተመኘነው ላይሆን ይችላል። የጎደለውን በግልጽ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ባህም ጠይቋል። ነገር ግን ነገ ሰኞ ነው፤ በጠረጴዛችን ላይ የሚጠብቀን ሥራ አለ። ያንን ሥራ እንደ ልማዱ ከመገልበጥ ይልቅ፣ ለአንድ ልጅ ጣት መለማመጃ እንደጻፈው አባት፣ በስሙ ጀምረን ከራሳችን አንድ ነገር ብንጨምርበት መክሊቱ ከተቀበረበት ወጣ ማለት ነው።