ዞራ ኒል ኸርስተንና ድንጋይ ያልነበረው መቃብሯ

በዚህ እትም የምናስታውሳት አሜሪካዊቷን ደራሲ ዞራ ኒል ኸርስተንን ነው። የተወለደችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 በአላባማ ሲሆን፣ ያደገችው ግን ጥቁሮች ራሳቸው አቋቁመው በሚያስተዳድሯት ኢተንቪል በምትባል የፍሎሪዳ ከተማ ነው። እናቷ በ13 ዓመቷ ሞተችባት። ከዚያ በኋላ ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከሰው ቤት ሥራ ወደ ሌላ ሥራ ተንከራተተች።

26 ዓመት ሲሆናት በባልቲሞር በነጻ መማር እንደሚቻል ሰማች። ዕድሉ ለወጣቶች ብቻ ነበርና ከዕድሜዋ 10 ዓመት ቀንሳ፣ የተወለድኩት በ1901 ነው ብላ ተመዘገበች። ውሸት ነው፤ እኛ ግን ልንፈርድባት አልደፈርንም። በ1928 ከባርናርድ ኮሌጅ ተመረቀች፤ በደቡባዊ ግዛቶችም እየዞረች የጥቁሮችን ተረትና ጨዋታ ሰበሰበች።

በ1937 የታተመውን «ዓይኖቻቸው እግዚአብሔርን ይጠባበቁ ነበር» የተሰኘ ልብ ወለድ የጻፈችው ሄይቲ ሆና በ7 ሳምንት ነው። ጄኒ የተባለች ሴት በሦስት ትዳር ውስጥ ታልፋለች። የመጀመሪያው ባሏ አያቷ የመረጡላት ባለመሬት ነው። ሁለተኛው ከንቲባና ባለሱቅ ሲሆን በሰው ፊት እንዳትናገር ይከለክላታል። ሦስተኛው፣ በዕድሜ የሚያንሳት ቲ ኬክ፣ ዳማ ያጫውታታል፣ ያስቃታል። እሱም ቢሆን አንድ ጊዜ መትቷታል፤ በዚህ ላይ እኛም ብዙ ተከራክረናል።

ሪቻርድ ራይትን የመሰሉ ጥቁር ጸሐፊዎች መጽሐፉ ቁም ነገር የለውም ብለው አጣጣሉት። ውሎ አድሮም ከገበያ ጠፋ። በ1950 ዞራ ማያሚ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ አሠሪዋ መጽሔት ስትገልጥ የሠራተኛዋን ስም በአንድ አጭር ልብ ወለድ ላይ አየች!

በጥር 1960 ፎርት ፒርስ ውስጥ በድሆች መጦሪያ አረፈች። የቀበሯት ጎረቤቶቿና ወዳጆቿ አዋጥተው ነው። በእድር ለምንተዳደር ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። መዋጮው ግን ለመቃብር ድንጋይ አልበቃም።

በ1973 ወጣቷ ጸሐፊ አሊስ ዎከር የእህቷ ልጅ ነኝ እያለች መቃብሩን ፈለገች። ቦታውን አረም ውጦት፣ እባብም ይፈራበት ነበር። እዚህ ይሆናል ባለችው ስፍራ በራሷ ወጪ ድንጋይ አቆመች፤ በ1975ም ፍለጋዋን ጽፋ አሳተመች። ልብ ወለዱ በ1978 እንደገና ታተመ። ዛሬ በአሜሪካ በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል፤ በ2005ም ፊልም ሆኗል።

አሊስ ባቆመችው ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የትውልድ ዓመት 1901 ነው።